ዲዳክቲብል ምንድን ነው? ለወጣት ልጅ የመኪና ኢንሹራንስ ሲገዛ የሚቀነሰውና የማይቀነሰው

በቨርጂኒያ ዕድሜው 18 ያልሞላ ልጅ የመጀመሪያ መንጃ ፈቃዱን የሚቀበለው በአብዛኛው ፍርድ ቤት ቀርቦ ነው። ወላጁ አጠገቡ ይቆማል፤ ዳኛው መሪ መያዝ ምን ያህል ከባድ ኃላፊነት እንደሆነ ይመክሩታል። ሥርዓቱን እወደዋለሁ። ልጁ ከአዳራሹ እየሣቀ ሲወጣ ግን እናትና አባት አእምሯቸው ሌላ ቦታ ነው። የኢንሹራንሱ ሂሳብ ስንት ሊገባ ነው?

ወኪሉ ጋ ሲደወል ደግሞ አንድ ጥያቄ ይመጣል፦ «ዲዳክቲብሉ ስንት ይሁን? 500 ወይስ 1,000?» ብዙዎቻችን ትርጉሙን ሳናጣራ «ዝቅ ያለው ይሻላል» ብለን እናልፈዋለን። ዋጋውን ከሚወስኑት ነገሮች መካከል በእጃችን ያለው አንዱ ይኸው ስለሆነ ቆም ብሎ መረዳቱ ይጠቅማል።

ዲዳክቲብል ማለት የራሳችን መኪና ተጎድቶ ኢንሹራንሳችን እንዲያሠራልን ስንጠይቅ፣ ከጥገናው ወጪ ላይ እኛ የምንሸከመው ድርሻ ነው። ጥገናው 3,200 ዶላር ቢፈጅና ዲዳክቲብሉ 1,000 ቢሆን ኩባንያው የሚከፍለው 2,200 ዶላር ነው። ጥገናው 900 ዶላር ከሆነ ደግሞ ሙሉውን እኛው እንችለዋለን። ድርሻችን ከፍ ባለ መጠን ኩባንያው የሚሸከመው ስለሚቀንስ በየወሩ የምንከፍለው አረቦን ዝቅ ይላል።

ቃሉን የምናውቀው ከጤና ኢንሹራንስ ስለሆነ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። በጤናው በኩል ዲዳክቲብል የሚቆጠረው በዓመት ነው፤ አንድ ጊዜ ከሞላ እስከ ዓመቱ መጨረሻ አይመለስም። በመኪናው በኩል ግን የሚቆጠረው በአደጋ ነው። ልጁ በመስከረም አንድ አጥር፣ በጥር ደግሞ አንድ ምሰሶ ቢገጭ 1,000 ዶላሩ ሁለት ጊዜ ይከፈላል።

ሁሉንም ሽፋን የሚመለከት ነገርም አይደለም። ሊያቢሊቲ የሚባለው፣ አገር ቤት ሦስተኛ ወገን ከምንለው ጋር የሚቀራረበው ሽፋን፣ ልጃችን በሌላ ሰው አካልና ንብረት ላይ ላደረሰው ጉዳት የሚከፍል ሲሆን በተለመደው የቤተሰብ ኢንሹራንስ ዲዳክቲብል የለውም። ዲዳክቲብል የሚመጣው የራሳችንን መኪና በሚመለከቱት ሁለት ሽፋኖች ላይ ነው። ኮሊዥን የግጭት ጉዳትን ይሸፍናል። ኮምፕሪሄንሲቭ ስርቆትን፣ በረዶን፣ የወደቀ ዛፍን፣ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ መንገዶች በመጸው ወራት በድንገት ዘለው የሚገቡትን አጋዘኖች ጭምር ይመለከታል። ጥፋቱ የሌላው አሽከርካሪ ከሆነ የሚከፍለው የእሱ ሊያቢሊቲ ስለሆነ የእኛ ዲዳክቲብል አይነካም። ቶሎ እንዲያልቅልን በራሳችን ኢንሹራንስ ካሠራን ደግሞ ኩባንያችን ከዚያኛው ወገን ሲያስመልስ ድርሻችንም ሊመለስልን ይችላል።

ታዲያ ይህ ለወጣት አሽከርካሪ ለምን ይበልጥ ያሳስባል? በአሜሪካ ከ16 እስከ 19 ዓመት ያሉ አሽከርካሪዎች በነዱት ማይል ልክ ሲሰላ፣ ለሞት በሚያበቃ አደጋ ውስጥ የሚገኙት 20 ዓመትና ከዚያ በላይ ካሉት ወደ ሦስት እጥፍ በሚጠጋ መጠን ነው። ኩባንያው ልጃችንን አያውቀውም፤ ጨዋነቱንም አላየም፤ የሚተምነው የዕድሜ እኩዮቹን ታሪክ ይዞ ነው። (ሃዋይ ዕድሜን ለአረቦን መተመኛ ማድረግን በሕግ ከልክላለች፤ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ግን አልከለከሉም።) ስለዚህ ወጣት ልጅ ባለበት ቤት የኮሊዥን ዋጋ ይከብዳል፤ ዲዳክቲብሉን ከ500 ወደ 1,000 ከፍ ማድረግ የሚያስገኘው ቅናሽም በዚያው ልክ ይታያል።

ግን ሒሳቡ ይሠራ። ለምሳሌ ከፍ ማድረጉ በዓመት 200 ዶላር የሚያተርፍ ከሆነ፣ ተጨማሪው 500 ዶላር የሚካካሰው ያለ አደጋ በሚያልፍ ሁለት ዓመት ተኩል ነው። 400 ዶላር የሚያተርፍ ከሆነ ግን አንድ ዓመት ከሩብ ይበቃል። አዲስ አሽከርካሪ ደግሞ የመጋጨት ዕድሉ ሰፊ ስለሆነ የመጀመሪያው ዓመት ያለ ጭረት ያልፋል ብሎ መተማመን አይገባም። ዋናው ጥያቄ፣ ነገ ጠዋት ልጁ «አባዬ፣ መኪናዋን ገጨኋት» ብሎ ቢደውል 1,000 ዶላሩ በእጃችን አለ ወይ የሚለው ነው። ከሌለ መኪናው ጋራዥ ቆሞ ይቀራል። ዕቁብ የምትገቡ ከሆነ ከመጀመሪያው ዕጣ ላይ ይህን ገንዘብ ለብቻው አስቀምጡትና ከዚያ ዲዳክቲብሉን ከፍ አድርጉ። መኪናው በብድር የተገዛ ከሆነ አበዳሪው ኮሊዥንንም ኮምፕሪሄንሲቭንም ያስገድዳል፤ ለዲዳክቲብሉም ጣሪያ ሊያስቀምጥ ስለሚችል አስቀድሞ መጠየቅ ነው።

ልጁ የሚነዳው ያረጀ መኪና ከሆነ ነገሩ ይቀየራል። ዋጋው 3,000 ዶላር የሆነ መኪና ከጥቅም ውጭ ቢሆን፣ 1,000 ዲዳክቲብል ተቀንሶ የሚገኘው ቢበዛ 2,000 ዶላር ነው። ለዚህ ሲባል በየዓመቱ ከባድ የኮሊዥን ክፍያ መክፈል አያዋጣም፤ እኔ ብሆን ኮሊዥኑን አወጣዋለሁ።

ሊያቢሊቲን ግን አልነካም። ርካሽ ኢንሹራንስ ስንፈልግ የሚፈጸመው ትልቁ ስሕተት ይኸኛውን ሕጉ እስከፈቀደው ዝቅተኛ ድረስ ማውረድ ነው። በቨርጂኒያ ከጥር 2025 ጀምሮ ዝቅተኛው መጠን ለአንድ ሰው የአካል ጉዳት 50,000፣ በአንድ አደጋ ለተጎዱት ሁሉ 100,000፣ ለንብረት 25,000 ዶላር ነው። በሜሪላንድ 30,000፣ 60,000 እና 15,000 ነው። የአሜሪካን የሆስፒታል ሂሳብ ያየ ሰው 30,000 ዶላር ስንት ቀን እንደሚያስተኛ ያውቀዋል፤ መንገድ ላይ ካሉት አዳዲስ መኪኖችም ብዙዎቹ ከ15,000 በላይ ያወጣሉ። ከሽፋኑ የተረፈውን ተጎጂው በፍርድ ቤት ሊጠይቅ ይችላል። እንደ ካሊፎርኒያ ባለ ክፍለ ግዛት ደግሞ ለልጁ የመንጃ ፈቃድ ማመልከቻ የፈረመው ወላጅም እስከ ተወሰነ ገንዘብ ድረስ በሕግ ተጠያቂ ይሆናል። ዲዳክቲብል የኪሳራችንን ልክ አስቀድሞ ይነግረናል፤ ሊያቢሊቲ ሲያንስ ግን የኪሳራው ልክ አይታወቅም።

ሌሎቹ መቀነሻዎች አጭር ናቸው። ለልጁ ለብቻው ከመግዛት በቤተሰቡ ኢንሹራንስ ላይ ማስገባት ብዙ ጊዜ ይረክሳል። ብዙ ኩባንያዎች አማካይ ውጤቱ ቢ ወይም 3.0 ለሆነ ተማሪ ቅናሽ አላቸው፤ የትምህርት ቤቱን ካርድ መላክ ይበቃል። መኪናውን ትቶ ከ100 ማይል በላይ ርቆ ኮሌጅ ለሚማር ልጅም ቅናሽ የሚሰጡ አሉ። አነዳዱን በስልክ የሚከታተለው መተግበሪያም አለ፤ ለረጋ ልጅ ይጠቅማል፤ ፍሬን በድንገት ለሚረግጥ ግን በአንዳንድ ኩባንያ ዋጋውን ሊጨምርበት ይችላል።

አባትየው ኡበር የሚሠራ ከሆነ የግል ኢንሹራንሱ በሥራ ሰዓት የሚደርስን ጉዳት በአብዛኛው እንደማይሸፍን፣ ተሳፋሪ ይዞ ሳለ በድርጅቱ በኩል የሚመጣው ሽፋን ዲዳክቲብልም ብዙ ጊዜ 2,500 ዶላር እንደሆነ ያስታውስ። ልጁ ያንኑ መኪና ማታ ማታ የሚነዳ ከሆነ ይህም ለወኪሉ በግልጽ ይነገር።

አንድ ነገር ደግሞ በልቤ ስላለ ልበለው። «ልጁ መንዳት መጀመሩን አትንገሩ፤ ማን ያውቃል» የሚል ምክር በየቡና ጠረጴዛው ይሰማል። እባካችሁ አትስሙት። በቤታችን የሚኖርና መንጃ ፈቃድ ያለው ልጅ መደበቁ ሲታወቅ ኩባንያው ውሉን ሊሰርዝ፣ ክፍያውንም ሊከለክል ይችላል። የዓመታት አረቦን ተከፍሎ በአደጋው ቀን ባዶ እጅ መቅረት ነው።

ወኪሉን ስታነጋግሩ በ500 እና በ1,000 ዲዳክቲብል ሁለት ዋጋ በጽሑፍ አስልኩ፤ ሊያቢሊቲው በሁለቱም ላይ አንድ ይሁን። ውሉ ሲመጣ ደግሞ የመጀመሪያውን ገጽ አንብቡ። ዲዳክቲብሉ ለእያንዳንዱ መኪና ለብቻው የተጻፈው እዚያ ነው፤ የልጃችሁም ስም ከአሽከርካሪዎቹ ዝርዝር ውስጥ መግባቱን እዚያው ታያላችሁ።