ክኒን ሲሟሟ፦ የመሟሟት ምርመራና ፈሳሽ ክሮማቶግራፊ

አንድ ክኒን ውስጥ 500 ሚሊግራም መድኃኒት አለ ማለት፣ 500 ሚሊግራሙ ለበሽተኛው ደረሰ ማለት አይደለም። መድኃኒቱ መጀመሪያ መሟሟት አለበት። ያልሟሟ መድኃኒት የአንጀትን ግድግዳ አልፎ ደም ውስጥ አይገባም። ይህ ቀላል የሚመስል ነገር ብዙ ዋጋ አስከፍሏል። እ.ኤ.አ. በ1971 የወጣ ጥናት፣ ለልብ ሕመም የሚታዘዘው ዲጎክሲን መጠኑ አንድ ሆኖ ሳለ አምራቹ ሲለያይ በደም ውስጥ የሚገኘው በእጅጉ እንደሚለያይ አሳየ። ዲጎክሲን ትንሽ ሲያንስ አይሠራም፣ ትንሽ ሲበዛ ይመርዛል። የአሜሪካ ፋርማኮፒያ (የመድኃኒት ጥራት መስፈርቶችን የያዘው መጽሐፍ) የመሟሟት ምርመራን ያስገባው ከዚያ አንድ ዓመት ቀድሞ፣ በ1970 ነበር።

ምርመራው ብዙውን ጊዜ በስድስት ክኒኖች ይጀመራል። እያንዳንዱ ለብቻው፣ አብዛኛውን ጊዜ 900 ሚሊሊትር ፈሳሽ ባለበት ዕቃ ውስጥ ይገባል። ሙቀቱ እንደ ሰው ገላ 37 ዲግሪ ነው። ፈሳሹ የጨጓራን አሲድ ወይም የአንጀትን ሁኔታ እንዲመስል ይዘጋጃል። ክኒኑ በሚሽከረከር የሽቦ ቅርጫት ውስጥ ይቀመጣል፤ ወይም ደግሞ ዕቃው ሥር ያርፍና ከበላዩ መቅዘፊያ ይዞራል፣ ብዙ ጊዜ በደቂቃ 50 ዙር። ፈሳሹ ውስጥ የቀረ አየር ክኒኑ ላይ አረፋ ሆኖ ስለሚለጠፍ አስቀድሞ ይወጣል።

ሰዓቱ ሲደርስ ናሙና ይቀዳና ወዲያው ይጣራል። ይህቺ እርምጃ ቀላል ትመስላለች፤ እኔ ግን ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የምትፈልገው እሷ ናት እላለሁ። ካልተጣራ ያልሟሟው ቅንጣት ናሙናው ውስጥ ሆኖ መሟሟቱን ይቀጥላል። የ15 ደቂቃ የተባለው ውጤት የ15 ደቂቃ መሆኑ ይቀራል።

ቀጥሎ፣ ምን ያህል መድኃኒት እንደሟሟ ለመለካት፣ ንጥረ ነገሮችን የሚለያየው ፈሳሽ ክሮማቶግራፊ ይመጣል። ናሙናው በከፍተኛ ግፊት፣ በደቃቅ ቅንጣት በተሞላ ቱቦ ውስጥ ያልፋል። አንዱ ንጥረ ነገር ቶሎ ይወጣል፣ ሌላው ይዘገያል። መውጫው ላይ ያለው የአልትራቫዮሌት መለኪያ እያንዳንዱን ለየብቻ ያነባል።

እርግጥ ያለ ክሮማቶግራፊም ናሙናውን በብርሃን ብቻ መለካት ይቻላል፤ ፈጣንና ርካሽም ነው። ችግሩ ክኒኑ ውስጥ ከአንድ በላይ መድኃኒት ሲኖር ነው። ለሳንባ ነቀርሳ ሪፋምፒሲንና ኢሶኒያዚድ በአንድ ክኒን ይሰጣሉ። ሪፋምፒሲን በአሲድ ውስጥ ይበላሻል፤ ኢሶኒያዚድ አብሮት ሲኖር ደግሞ ይብስበታል። ተራው የብርሃን ንባብ የተበላሸውንም እንደ ደህና ሊቆጥረው ይችላል። ክሮማቶግራፊ ይለየዋል።

በመጨረሻ የተገኘው ቁጥር ከመስፈርቱ ጋር ይነጻጸራል። መስፈርቱ በክኒኑ ላይ ከተጻፈው መድኃኒት 80 በመቶው እንዲሟሟ ከሆነ፣ በመጀመሪያው ዙር ስድስቱም እያንዳንዳቸው ከዚያ በ5 ከፍ ብለው ቢያንስ 85 በመቶ መልቀቅ አለባቸው። ካልሆነ ሌላ ስድስት ይጨመራል። የአሥራ ሁለቱ አማካይ ከ80፣ አንዳቸውም ከ65 መውረድ የለባቸውም። ይህም ካልሆነ አሥራ ሁለት ተጨምሮ በ24 ክኒኖች የመጨረሻው ውሳኔ ይሰጣል።