«የጋለ ጥይት» ምን ማለት ነው?

ስለ ቀድሞው የባሕር ጦርነት የሚያነቡ ሰዎች «የጋለ ጥይት» የሚለውን ስያሜ ሲያገኙ ብዙ ጊዜ እንደ ቦምብ የሚፈነዳ መሣሪያ አድርገው ይረዱታል፤ ይህ ግን ስሕተት ነው። የጋለ ጥይት በውስጡ ምንም ባሩድ የሌለው ድፍን የብረት ኳስ ሲሆን፣ ጉዳት የሚያደርሰውም በእሳት ቀልቶ ከተተኮሰ በኋላ በመርከቡ እንጨት ውስጥ ተሰክቶ በመቅረት፣ በያዘው ሙቀት እንጨቱን ውስጥ ለውስጥ በማቀጣጠል ነው። በስቶ እንዳያልፍ ሲባል ጥይቱን የሚያስወነጭፈው የመድፉ ባሩድ መጠን ሆን ተብሎ ይቀነስ ነበር።

ታዲያ ፍም የመሰለው ብረት የመድፉን ባሩድ ያለጊዜው ለምን አያቀጣጥለውም? በመካከላቸው በመጀመሪያ ደረቅ፣ ቀጥሎም በውሃ የራሰ ውታፍ ወይም ጭቃ ይጠቀጠቃል፤ ጥይቱም ከገባ በኋላ ሳይዘገይ ይተኮሳል። በእንጨት መርከብ ላይ እቶን ማንደድ ለባለቤቱም አደገኛ በመሆኑ፣ ዘዴው ይበልጥ የተስማማው ለባሕር ዳርቻ ምሽጎች ነበር።

ከሁሉ ጎልቶ የሚታየኝ ምሳሌ በስፔን ደቡባዊ ጫፍ በሚገኘው የእንግሊዝ ምሽግ፣ በጅብራልታር፣ ላይ የተደረገው ከበባ ነው። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 13 ቀን 1782 ስፔንና ፈረንሳይ በወፍራም እንጨት የተሸፈኑ 10 ተንሳፋፊ የመድፍ መደቦችን አሰልፈው ምሽጉን ሲደበድቡ፣ በጄኔራል ጆርጅ ኤልዮት የሚመራው የእንግሊዝ ጦር በጋለ ጥይት መለሰላቸው። ለሰዓታት ጉዳቱ እምብዛም አልታየም ነበር፤ የተዳፈነው እሳት ግን ሌሊቱን ገንፍሎ ወጣ፣ በማግስቱም 10ሩም መደቦች ወድመው ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ብረት ለበስ መርከቦች ሲመጡ ዘዴው ጥቅሙን አጣ።