አዲስ የተገጣጠመ ኮምፒውተር ሲነሳ አልፎ አልፎ የሚገጥመው መቋረጥ

ዕቃው ለየብቻ ተገዝቶ በቤት ወይም በሱቅ የተገጣጠመ ኮምፒውተር ከሚያሳያቸው ብልሽቶች ሁሉ አስቸጋሪው አንዳንድ ቀን ብቻ የሚታየው ነው። ማሽኑ ሰኞ ያለ ችግር ተነስቶ ቀኑን ሙሉ ይሠራል፤ ማክሰኞ ጠዋት ቁልፉ ሲጫን ፋኑ ይዞራል፣ መብራቱ ይበራል፣ ስክሪኑ ግን እንደጠቆረ ይቀራል፤ ወይም የዊንዶውስ ምልክት ከወጣ በኋላ ራሱን ሪስታርት ያደርጋል፤ ወይም ሰማያዊ ስክሪን አሳይቶ ይቆማል። ጨርሶ የማይነሳ ኮምፒውተር ከዚህ ይቀላል፤ ጥፋቱ ሁልጊዜ እዚያው ስላለ አንዱን ዕቃ ነቅሎ ሌላ በመሰካት በአንድ ከሰዓት ሊገኝ ይችላል። የሚመጣና የሚሄድ ብልሽት ግን ባለሙያ ዘንድ ሲቀርብ ይጠፋል፣ ቤት ሲመለስ ያገረሻል። ስለዚህ የትኛው ዕቃ እንደተበላሸ ከመጠየቅ በፊት፣ ማሽኑ በትክክል መቼና በምን ሁኔታ ላይ እንደሚቋረጥ መመዝገብ ይቀድማል።

በመነሻው ጊዜ የሚከናወነው

ቁልፉ ሲጫን ፓወር ሰፕላዩ (የመስመሩን ኤሌክትሪክ ለዕቃዎቹ መጥኖ የሚያከፋፍለው ሳጥን) የ12፣ የ5 እና የ3.3 ቮልት መስመሮቹን ያነሳል፤ ቮልቴጁ መርጋቱን ሲያረጋግጥም «ፓወር ጉድ» የተባለውን ምልክት ዕቃዎቹ ሁሉ ለሚሰኩበት ሰሌዳ፣ ለማዘርቦርዱ፣ ይልካል። የፓወር ሰፕላዮች መለኪያ በሆነው የኤቲኤክስ ደረጃ መሠረት ይህ ምልክት ቮልቴጁ ከረጋ ከ100 እስከ 500 ሚሊሰከንድ ባለው ጊዜ ውስጥ መድረስ ያለበት ሲሆን፣ እስኪደርስ ድረስ ማዘርቦርዱ ፕሮሰሰሩን ሥራ አያስጀምረውም። ቀጥሎ ባዮስ፣ ማለትም በቦርዱ ላይ ተቀምጦ ማሽኑን የሚያስነሳው ፕሮግራም፣ በዛሬዎቹ ማሽኖች ላይ ዩኢኤፍአይ የሚባለው፣ ፖስት በተባለው የራስ ፍተሻ ፕሮሰሰሩን፣ ራሙን (ጊዜያዊ ማስታወሻውን)፣ ግራፊክስ ካርዱንና ዲስኩን ያያል፤ ሁሉም ካለፉ ሥራውን ለዊንዶውስ ወይም ለሊኑክስ ያስረክባል።

በዚህ ሂደት ውስጥ «ትሬይኒንግ» የሚባል ብዙ ተጠቃሚ የማያውቀው ደረጃ አለ። በፕሮሰሰሩና በራሙ መካከል የሚመላለሰው ምልክት እጅግ ፈጣን ስለሆነ፣ ባዮሱ የእያንዳንዱን መስመር የጊዜ ልዩነትና ቮልቴጅ እየሞከረ የሚስማማውን ልክ ይፈልጋል። የሚገኘው ልክ እንደ ዕለቱ ሙቀት፣ እንደ ማዘርቦርዱና እንደ ራሙ ጥራት በጥቂቱ ይለያያል። ራሙ በሚችለው ፍጥነት ጫፍ ላይ እንዲሠራ ከታዘዘ፣ ይህ ጥቂት ልዩነት አንድ ቀን አሳልፎት በሌላው ቀን ሊጥለው ይበቃል። ማሽኑ ትናንት ተነስቶ ዛሬ እንቢ የሚልበት አንዱ ዋና ምክንያት ይኸው ነው፤ ምንም ዕቃ ሳይቃጠል፣ ምንም ገመድ ሳይላላ ሊከሰት ይችላል።

የመቋረጡ ሰዓት የሚነግረው

መቋረጡ ምንም ምልክት ስክሪኑ ላይ ሳይወጣ ከሆነ ነገሩ በፖስት ውስጥ ነው። ብዙዎቹ የቅርብ ጊዜ ማዘርቦርዶች በጠርዛቸው ላይ ለፕሮሰሰር፣ ለራም፣ ለግራፊክስና ለማስነሻ ዲስክ የተለዩ አራት ትናንሽ መብራቶች አሏቸው፤ ማሽኑ ሲቆም በርቶ የቀረው መብራት የቆመበትን ቦታ ያሳያል። መብራት የሌላቸው ቦርዶች በትንሽ ድምፅ ማጉያ የሚሰጡትን ጢጥ ጢጥታ መቁጠር ያስፈልጋል፤ ትርጉሙ እንደ ባዮሱ አምራች ስለሚለያይ ከቦርዱ መመሪያ ጋር ማስተያየት ግድ ነው።

የዊንዶውስ ምልክት ከወጣ በኋላ የሚመጣ መቋረጥ ብዙውን ጊዜ ጽሑፍ ትቶ ይሄዳል። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2025 በዊንዶውስ 11 ላይ ወደ ጥቁር የቀየረው የቀድሞው ሰማያዊ ስክሪን የስህተቱን ስም ያሳያል፤ ዝርዝሩንም በዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ ባለው «ሚኒደምፕ» ያስቀምጣል። አንድ ዓይነት ስም ደጋግሞ ከመጣ ድራይቨር (ዊንዶውስን ከአንድ ዕቃ ጋር የሚያገናኝ ፕሮግራም) ወይም አንድ የተወሰነ ዕቃ ይጠረጠራል፤ በየቀኑ ስሙ የሚለዋወጥ ከሆነ ግን ጣት ወደ ራም ይጠቆማል፤ ምክንያቱም የተበላሸ ራም የሚያበላሸው በዚያ ሰዓት በላዩ ላይ የተቀመጠውን ማንኛውንም ነገር ነው። የዊንዶውስ የክስተት መዝገብ በሆነው ኢቨንት ቪወር ውስጥ «ከርነል ፓወር 41» ተብሎ የሚመዘገበው መልእክት ብዙ ሰው ያሳስታል። ስሙ ውስጥ «ፓወር» ስላለ ፓወር ሰፕላይ የቀየሩ ጥቂት አይደሉም፤ መልእክቱ ግን ማሽኑ በሥርዓቱ ሳይዘጋ ጠፍቶ እንደነበር ከመናገር ያለፈ መንስኤ አይጠቁምም።

ሌላው መለያ ማሽኑ ቀዝቃዛ ወይም ሙቅ መሆኑ ነው። ሌሊቱን አድሮ ጠዋት የመጀመሪያው ማስነሳት ከከሸፈና ሁለተኛው ከተሳካ፣ የራሙ ትሬይኒንግ፣ ፓወር ሰፕላዩ ወይም በደንብ ያልገባ መሰኪያ ተጠርጣሪ ነው። ሪስታርት ሲደረግ ሁልጊዜ የሚነሳ፣ ተዘግቶ ሲከፈት ግን የሚቋረጥ ከሆነ ደግሞ ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ የመጣውን «ፋስት ስታርታፕ» ማጥፋት ይበጃል። በዚህ አሠራር «ሻት ዳውን» የተባለ ማሽን ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፤ የሥርዓቱን እምብርትና የድራይቨሮቹን ሁኔታ ዲስክ ላይ ጽፎ ይተኛል፤ በማግስቱም የትናንቱን ስህተት ተሸክሞ ይነሳል። ሪስታርት ግን ሁሉንም ከባዶ ይጀምራል፤ ስለዚህ «ዘግቼ ከፈትኩት፣ አልተሻለውም» የሚለው ምስክርነት በዊንዶውስ ላይ ብዙም አያስተማምንም።

ራም

በአዲስ ግጥም ማሽን ላይ ምርመራው ከራም ቢጀምር ጥሩ ነው፤ ምክንያቱም የመጀመሪያው ሙከራ ገንዘብ አይጠይቅም። ጄዴክ የተባለው ደረጃ አውጪ አካል እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው የራም ትውልድ፣ ዲዲአር5፣ በ1.1 ቮልት በ4800 ፍጥነት ይጀምራል። በሳጥኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው 6000 ግን ኤክስኤምፒ ወይም ኤክስፖ በሚባል ማስተካከያ፣ ቮልቴጁም ከፍ ተደርጎ የሚገኝ ፍጥነት ነው። ገዢው የከፈለበትን ለማግኘት ማስተካከያውን ባዮስ ውስጥ ያበራዋል፤ ይህን ሲያደርግ ግን የፕሮሰሰሩ አምራች ዋስትና ከሰጠበት ልክ ይወጣል። ለምሳሌ ኤኤምዲ ለራይዘን 7000 ፕሮሰሰሮች በይፋ የተቀበለው ፍጥነት ሁለት ራም ሲገባ 5200፣ አራት ሲገባ 3600 ነው። አራቱንም ቀዳዳ በ6000 ራም ሞልቶ «ሁሉም ዕቃ አዲስ ነው፣ ለምን ይቋረጣል?» የሚል ሰው መልሱን እዚህ ያገኛል።

ኤክስኤምፒ ወይም ኤክስፖ ጠፍቶ መቋረጡ ከቆመ ራሙ ተበላሽቷል ማለት አይደለም፤ ፍጥነቱን በአንድ እርከን ዝቅ ማድረግ፣ ባዮሱን ማደስ፣ ወይም የማዘርቦርዱ አምራች ሞክሮ ካጸደቃቸው ራሞች ዝርዝር ጋር ማስተያየት ይቻላል። ራሞቹ ሁለት ብቻ ከሆኑ በአብዛኛዎቹ አራት ቀዳዳ ባላቸው ቦርዶች ላይ ቦታቸው ከፕሮሰሰሩ በኩል ሲቆጠር ሁለተኛውና አራተኛው ነው። በተለያየ ጊዜ የተገዙ ሁለት ጥንዶች ስማቸውና ቁጥራቸው አንድ ቢሆን እንኳ በውስጣቸው የተለያየ ቺፕ ሊኖራቸው ይችላል፤ አምራቹም አብሮ የፈተናቸው አይደሉም።

ትዕግሥትም ራሱን የቻለ የምርመራ ክፍል ነው። ዲዲአር5 ያለው ማሽን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነሳ፣ ወይም ባዮሱ ከታደሰ በኋላ፣ ትሬይኒንጉ ጥቂት ደቂቃዎች ሊወስድ ይችላል፤ በዚህ ጊዜ ስክሪኑ ጥቁር ነው። ባለቤቱ ደንግጦ ማሽኑን በመካከሉ ያጠፋዋል፣ መልሶ ያበራዋል፣ ትሬይኒንጉ ከመጀመሪያው ይነሳል፣ እንደገና ይጠፋል፤ እንዲህ እያለ ጤነኛ ማሽን «አንዳንዴ ይነሳል አንዳንዴ አይነሳም» የሚል ስም ይወጣለታል።

ራሙን ለብቻው ለመመርመር በፍላሽ ላይ ተጭኖ ያለ ዊንዶውስ የሚነሳው ሜምቴስት86 ፕላስ ሌሊቱን እንዲያድር ይደረጋል። ውጤቱ ላይ ድርድር የለም፤ አንዲት ስህተት ብትታይ ራሙ በዚያ ፍጥነት አይታመንም። ንጹሕ ውጤት ግን ሙሉ ነጻነት አይሰጥም፤ ፈተናው የሚጀምረው ትሬይኒንጉ ካለፈ በኋላ ስለሆነ፣ በትሬይኒንጉ ላይ የሚወድቅ ራም ባለፈበት ቀን ሲፈተን ጨዋ ሆኖ ይገኛል።

ኤሌክትሪክ

ፓወር ሰፕላይ የ12 ቮልት መስመሩን በ5 በመቶ ልዩነት ውስጥ፣ ማለትም ከ11.4 እስከ 12.6 ባለው መካከል መጠበቅ አለበት። ይህን በሶፍትዌር ማንበብ ብዙ አያስተማምንም፤ በመልቲሜትር መለካት ይሻላል። ከፓወር ሰፕላዩ ብልሽት በላይ የሚያጋጥመው ግን በደንብ ያልተሰካ ገመድ ነው፤ በተለይ በቦርዱ የላይኛው ጥግ የሚገባው ባለ 8 እግር የፕሮሰሰር ገመድ እጅ ስለማያደርሰው ግማሽ ገብቶ ይቀራል። ከሌላ ፓወር ሰፕላይ የተረፈ ገመድ ግን ቢመሳሰልም መሰካት የለበትም፤ በፓወር ሰፕላዩ በኩል ያለው የእግር አደራደር በአምራቾች መካከል አንድ ወጥ ስላልሆነ ዲስክና ቦርድ ሊያቃጥል ይችላል።

የኢትዮጵያ መስመር 220 ቮልት ነው። ከአሜሪካ በሰው እጅ የመጣ አሮጌ ወይም ርካሽ ፓወር ሰፕላይ ከኋላው 115 እና 230 የሚል ትንሽ ቀይ ማብሪያ ካለው፣ ከመሰካቱ በፊት ወደ 230 መዞሩን ማየት ያስፈልጋል፤ በ115 ላይ እንዳለ ከተሰካ ነገሩ ከአልፎ አልፎ መቋረጥ አልፎ በአንድ ፍንዳታ ያበቃል። ከዛሬዎቹ አብዛኞቹ ሁለቱንም ራሳቸው ይቀበላሉ። መብራት ብልጭ ሲል አንድ ፓወር ሰፕላይ ማሽኑን ይዞ የሚቆየው ለ16 ሚሊሰከንድ ገደማ ስለሆነ፣ አምፖሉ ላይ በዓይን የሚታይ መንተብተብ ኮምፒውተሩን ሪስታርት ሊያስደርገው ይችላል። የላላ ዲቫይደርም እንዲሁ። ማሽኑን ወስዶ በሌላ ሰፈር፣ በሌላ ሶኬት ላይ ለጥቂት ቀናት ማስነሳት ከማንኛውም መሣሪያ ይልቅ ርካሽ ፈተና ነው፤ ባለሙያው ዘንድ ሲደርስ የሚድን ኮምፒውተር አንዳንዴ የሚነግረን ስለ ቤቱ መስመር ነው።

የአገጣጠም ስህተቶች

በቦርዱ ሥር የተረሳ ትርፍ ብሎን ኬዙ ሲነካ ብቻ ሾርት ያደርጋል። እኩል ያልጠበቀ የፕሮሰሰር ማቀዝቀዣ ፕሮሰሰሩን ወደ አንድ ጎን ይጫነውና ከራሙ መስመሮች አንዱ ይጠፋል። የማቀዝቀዣው ሥር ላይ የሚመጣው ላስቲክ ሳይላጥ ከተገጠመ ፕሮሰሰሩ ባጭር ጊዜ ግሎ ማሽኑ ይጠፋል። የአዲስ አበባ ከፍታ 2,400 ሜትር ገደማ በመሆኑ አየሩ ከባሕር ጠለል በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ ይህ ለረጅም ሥራ እንጂ ገና ቀዝቃዛ ሆኖ ለሚነሳ ማሽን ብዙ ለውጥ አያመጣም። የግራፊክስ ካርዱ በማራዘሚያ ገመድ የተገጠመ ከሆነና ገመዱ ለቀድሞው የፒሲአይኢ (የካርዱ መሰኪያ) ትውልድ የተሠራ ከሆነ፣ ባዮስ ውስጥ የመሰኪያውን ፍጥነት በአንድ ትውልድ ዝቅ ማድረግ ጥቁሩን ስክሪን ሊያስቀር ይችላል። በኬዙ ፊት ያለው የሪስታርት ቁልፍ ተጭኖ የሚቀርበት ጊዜም አለ፤ የፊት ገመዶቹን ሁሉ ነቅሎ በቦርዱ ላይ ያሉትን ሁለቱን የማስነሻ እግሮች በካቻቪቴ ጫፍ ለቅጽበት ማገናኘት ይህን ይለያል።

እነዚህ ሁሉ ባንድ ጊዜ የሚመረመሩበት መንገድ ቦርዱን ከኬዙ አውጥቶ በራሱ ካርቶን ላይ ማስቀመጥ ነው። ፕሮሰሰሩ ከነማቀዝቀዣው፣ አንድ ራምና ፓወር ሰፕላዩ ብቻ ይቀራሉ፤ ፕሮሰሰሩ የራሱ ግራፊክስ ከሌለው ካርዱ ይጨመራል። በዚህ ሁኔታ ከጸና ዕቃዎቹ አንድ በአንድ ይመለሳሉ።

ፕሮሰሰር

ፕሮሰሰር ብዙ ጊዜ የመጨረሻው ተጠርጣሪ ነበር። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 የ13ኛና የ14ኛ ትውልድ የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮቹ ከሚገባው በላይ ቮልቴጅ እየጠየቁ እንደሚጎዱ ካመነ በኋላ ግን ይህ አስተሳሰብ ተሻሽሏል። ኩባንያው ከነሐሴ ጀምሮ በባዮስ በኩል የሚጫኑ ማስተካከያዎች አውጥቷል፣ የዋስትናውንም ጊዜ በ2 ዓመት አራዝሟል፤ ማስተካከያው ጉዳትን ይከላከላል እንጂ የተጎዳውን አይመልስም፤ ያገለገለ የዚህ ትውልድ ፕሮሰሰር የሚገዛ ሰው ይህን ማስታወስ አለበት። ባዮስ ሲታደስ መብራት ቢጠፋ ቦርዱ ከጥቅም ውጪ ሊሆን ስለሚችል ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ) ላይ ሆኖ መሥራት ይገባል።

መዳኑን ማረጋገጥ

ሁለት ነገር ባንድ ጊዜ የቀየረ ሰው የትኛው እንዳዳነው አያውቅም። ከዚህ የባሰው ስህተት ግን በመጀመሪያው መልካም ማስነሳት መደሰት ነው። መቋረጡ ከአምስት አንዴ የሚመጣ ቢሆን፣ ምንም ያልተነካ ማሽን እንኳ ሦስት ጊዜ በተከታታይ በሰላም የመነሳት ዕድሉ 51 በመቶ ነው። ይህ ዕድል ከ5 በመቶ በታች የሚወርደው 14 ጊዜ በተከታታይ ሲነሳ ነው። በዚያ ላይ መቋረጡ በቀዝቃዛ ማሽን ላይ ብቻ የሚታይ ከሆነ ቆጠራው በየጠዋቱ አንድ ብቻ ይሆናል፤ ስለዚህ ሁለት ሳምንት ያህል መጠበቅ ያሻል።

ሻጩም ይህንኑ ማስረጃ ይፈልጋል፤ «አንዳንዴ እንቢ ይላል» ተብሎ የተመለሰ ራም መደብሩ ውስጥ ሲሰካ ስለሚሠራ ተመልሶ ይመጣል። በርቶ የቀረውን የቦርድ መብራት የሚያሳይ የስልክ ቪዲዮ፣ የሜምቴስት ስህተት ፎቶና ቀን የተጻፈበት የማስነሳት መዝገብ አብረው ከቀረቡ ክርክሩ ያጥራል። ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ በመንገደኛ ሻንጣ የመጣ ዕቃ ግን የሚመለሰው በሌላ መንገደኛ ስለሆነ፣ ያመጣው ሰው ከመመለሱ በፊት ማሽኑ ተገጣጥሞ ሜምቴስቱ ቢያድር ይመረጣል።