«ኪርያላይሶን» ስንል

በሰሙነ ሕማማት እየሰገድን «ኪርያላይሶን» እንላለን። ቃሉ ግሪክኛ ነው፤ «ጌታ ሆይ፣ ማረን» ማለት ነው። «ኪርዮስ» ጌታ ነውና።

ወገኖቼ፣ ይህ ቃል በጥንቷ አቴና በየቤቱ ይጠራ ነበር። የአንዲት ሴት «ኪርዮስ» ማለት ስለ እርሷ የሚናገር፣ የሚዋዋልላት፣ የሚድራት ወንድ ነው። መጀመሪያ አባቷ፣ ስታገባ ባሏ፣ ባሏ ከሞተ ልጇ ወይም ሌላ ወንድ ዘመዷ። በሕጉ ሴት በራሷ ልትዋዋል የምትችለው ከአንድ መዲምኖስ ገብስ ዋጋ ለማይበልጥ ነገር ብቻ ነበር። መዲምኖስ 52 ሊትር ገደማ የሚይዝ መስፈሪያ ነው፤ ለቤት አስቤዛ ይበቃ እንደሆነ ነው እንጂ መሬት አይገዛም።

እኔን ይበልጥ የሚከነክነኝ የስሟ ነገር ነው። በአቴና ችሎት ፊት የሚሟገቱ ሰዎች በሕይወት ያለችን የተከበረች ሴት በስሟ አይጠሯትም፤ «የእገሌ ሚስት»፣ «የእገሌ ልጅ» ይሏታል እንጂ። ከጌታ ልደት 430 ዓመት ገደማ በፊት የአቴና መሪ የነበረው ጴሪክሊስ በጦርነት ለሞቱት ባደረገው ንግግር፣ የሴት ክብሯ በመልካምም በክፉም በወንዶች አፍ አለመነሣቷ ነው ማለቱን ታሪክ ጸሐፊው ቱኪዲደስ መዝግቧል። የሚገርመው፣ አቴና የምትባለው የከተማይቱ ትልቅ ጣዖት ካህን ሴት ነበረች። በቤተ ጣዖቱ ቦታ ነበራት፣ በሸንጎው ግን አልነበራትም።

ቅዱስ ጳውሎስ እዚያ ሲደርስ አምስት መቶ ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረውም፤ ልማዱም ላልቶ ነበር። በተሰሎንቄና በቤርያ የከበሩ ሴቶች ማመናቸውን ቅዱስ ሉቃስ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 17 ጽፎልናል። ሐዋርያው በአቴና የፍርድ ስፍራ በአርዮስፋጎስ ቆሞ ዓለሙን የፈጠረው አምላክ «የሰማይና የምድር ጌታ ነው» አለ (ሐዋ. 17፥24)። በግሪክኛው «ኪርዮስ» ነው፤ የየቤቱ ወንድ የሚጠራበት ያው ቃል። እንግዲህ ይህን የሰማች ሴት ልቧ ምን ይል ይሆን?

ያመኑት ጥቂት ናቸው። ሉቃስ በስም የጠራው ሁለቱን ብቻ ነው፤ አንዱ የአርዮስፋጎስ ፈራጅ ዲዮናስዮስ ነው። ሁለተኛዋን ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ የዲዮናስዮስ ሚስት ናት ብሏል፤ ትሆናለች። ሉቃስ ግን «የዲዮናስዮስ ሚስት» ብሎ አልጻፈም። ደማሪስ የምትባል አንዲት ሴት አለ።