ራሱን የሚቃረን ጸሎት

የተወደዳችሁ ወገኖች፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ።

እዚህ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም በቤት ኅብረታችን አንድ ወጣት ጥያቄ አነሳ። «መጽሐፍ ቅዱስ ራሱን በራሱ ይቃረናል እንዴ?» የሥራ ባልደረባው በምሳሌ 26 አፋጦታል። ቁጥር 4 «ለሰነፍ እንደ ስንፍናው አትመልስለት» ይላል (ሰነፍ የሚለው ሞኙን ነው)። ቁጥር 5 ደግሞ «መልስለት»።

አትደንግጡ። ተቃርኖ የሚባለው ስለ አንድ ጉዳይ፣ በአንድ ጊዜ፣ በአንድ መልኩ «ነው»ም «አይደለም»ም ሲባል ነው። እዚህ ግን ሁለቱም ምክንያታቸውን ይዘው ነው የመጡት። የመጀመሪያው «እርሱን እንዳትመስል»፤ ሁለተኛው «ለራሱ ጠቢብ የሆነ እንዳይመስለው»። አንዳንዱን ሰው በዝምታ ማለፍ ይሻላል፤ አንዳንዱን ዝም ካልከው ልክ የሆነ ይመስለዋል። የትኛው የትኛው እንደሆነ መለየት ያንተ ሥራ ነው። ደግሞስ ጎን ለጎን ያስቀመጣቸው ሰው ሳያያቸው ቀርቶ ነው?

ማርቆስ 9:24 ላይ ልጁ በክፉ መንፈስ የተያዘበት አባት «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» ብሎ ጮኸ። የሎጂክ መምህር ቢሰማው በቀይ እስክሪብቶ ያሰምርበታል። ጌታ ግን ከዚያ በኋላ የገሠጸው መንፈሱን እንጂ አባትየውን አይደለም። ሰውየው ያለውንም የጎደለውንም ሳይደብቅ ነው የቀረበው።

የሚያሳስበኝ የእኛው ተቃርኖ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ብሎክ የምትኖሩ ታውቁታላችሁ። እኩለ ሌሊት ውሃ ይመጣል፣ የአንዷ ጀሪካን የሌላዋን ተራ ይቀድማል። በቃ፣ ሁለቱ እህቶች ደረጃ ላይ ሲተላለፉ ግድግዳ ግድግዳውን ማየት ይጀምራሉ። እሁድ ግን በአንድ አዳራሽ «እኛም ደግሞ የበደሉንን ይቅር እንደምንል በደላችንን ይቅር በለን» ይላሉ። «እንደምንል» የምትለዋን ልብ በሉልኝ። ቂም ይዞ ይህን የሚጸልይ ሰው በገዛ አፉ በራሱ ላይ እየፈረደ ነው። ዮሐንስም አያለሳልሰውም፦ «እግዚአብሔርን እወዳለሁ እያለ ወንድሙን ቢጠላ ሐሰተኛ ነው» (1ኛ ዮሐንስ 4:20)።

«እሷ ናት የጀመረችው» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ትሁና! ማቴዎስ 5:23-24 ማን ጀመረ ብሎ አይጠይቅም። መባህን መሠዊያው ፊት ተወው፣ አስቀድመህ ታረቅ ነው የሚለው። እግር አልሄድ ካለ ደግሞ የዚያን አባት ጸሎት መዋስ ይቻላል፦ «ጌታ ሆይ፣ ይቅር ማለት እፈልጋለሁ፤ እምቢ የሚለውን ልቤን እርዳው።» ከዚያ በሩን ማንኳኳት ነው።