የአምፕሊፋየር ጥገና በደሚ ሎድ፦ የጅማ አሠራር

ደሚ ሎድ በሚጠገን አምፕሊፋየር (ድምፅ ማጉያ) ላይ በስፒከር ፋንታ የሚታሰር ትልቅ ሬዚስተር፣ ማለትም የኤሌክትሪክን ፍሰት የሚገታ ክፍል ነው። ድምፅ አያወጣም፤ የተሰጠውን ኃይል ሁሉ ወደ ሙቀት ይለውጣል። ጅማ ውስጥ የሰርግ፣ የቤተ ክርስቲያንና የመስጊድ ማጉያ የሚጠገነው ሱቅ ከሱቅ በተጣበቀበት ገበያ ስለሆነ ሞንታርቦን በሙሉ ድምፅ መፈተን ጎረቤት ያስቆጣል። ከዚያም በላይ የታመመ ማጉያ የደንበኛውን ስፒከር ኮይል ያቃጥላል።

ባለ 100 ዋት የአሉሚኒየም ሬዚስተር 100 ዋት የሚችለው ሂትሲንክ (ሙቀት የሚያስወጣ ብረት) ላይ ሲታሰር ብቻ ነው። አራት ባለ 8 ኦህም ሬዚስተሮች ሁለት ሁለቱ በተከታታይ፣ ጥንዶቹ ደግሞ በትይዩ ሲያያዙ ድምሩ ያው 8 ኦህም ነው፤ አቅሙ ግን 400 ዋት ይሆናል። ሬዚስተር ሲጠፋ የጅማ እጅ አይቸገርም። የ1000 ዋት ምድጃ ሽቦ በ220 ቮልት 48 ኦህም ግድም ስለሆነ፣ ስድስት እኩል ሲቆረጥ እያንዳንዱ ቁራጭ 8 ኦህም ይሰጣል። በ100 ዋት 3.5 አምፔር ስለሚያልፍበት ይግላል፤ ሸክላው ላይ ይቀመጣል። ሶልደር አይዘውም፣ በብሎን ይጠበቃል።

ሎዱ ቶሎ አይገባም። አስቀድሞ ባለ 100 ዋት የክር አምፖል ለማጉያው ከሚገባው የመብራት ኃይል መስመር ጋር በተከታታይ ይገባል። በርቶ ከደበዘዘ ደህና ነው፤ ደምቆ ከቀረ ሾርት አለ፣ አብዛኛውን ጊዜም የመጨረሻዎቹ ትራንዚስተሮች ናቸው። ሲ5200 ወይም ኤ1943 የተባሉት የመጨረሻ ትራንዚስተሮች ሲቀየሩ፣ እነሱን የሚነዱት ድራይቨሮችና ከእግራቸው የታሰሩት የኤሚተር ሬዚስተሮች ሳይለኩ ማብራት አዲሱንም ማቃጠል ነው። ቀጥሎ በውጤቱ (በስፒከር መውጫው) ላይ ዲሲ፣ ማለትም አቅጣጫ የማይለዋውጥ ቮልቴጅ ይለካል፦ ከ50 ሚሊቮልት በታች መልካም ነው። 35 ቮልት ከታየ 8 ኦህም ላይ 150 ዋት ያህል ስለሚያፈስ ሎድ አይታሰርም። ቫልቭ ማጉያ (በትራንዚስተር ፋንታ በመስታወት ቱቦ የሚሠራ) ግን በተቃራኒው ነው፤ ያለ ሎድ ከተነዳ የውጤት ትራንስፎርመሩ ሊበላሽ ይችላል።

ዲሲው ንጹሕ ከሆነ አምፖሉ ይወጣል፣ ሎዱ ይገባል፣ ከስልክ 400 ኸርዝ ድምፅ ይሰጣል። ርካሽ ቴስተር (የቮልት መለኪያ) ከፍ ባለ ድግግሞሽ ስለሚዋሽ 1 ኪሎኸርዝ አይመረጥም። በ8 ኦህም ላይ 20 ቮልት 50 ዋት፣ 28.3 ቮልት ደግሞ 100 ዋት ነው። ለምን ያህል ጊዜ ይፈተን በሚለው ላይ ባለሙያ ሁሉ አይስማማም፤ አሥር ደቂቃ ይበቃል የሚሉ አሉ፣ ሰዓት ሙሉ የሚሉም አሉ። ሂትሲንኩ መሞቁን እስኪያቆም መጠበቅ ግን የተሻለው ነው።

ሎድ ሲገባ የሁለቱም ቻናል ቮልቴጅ ከወረደ ተጠርጣሪው ፓወር ሳፕላይ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የደረቀ ካፓሲተር። አንዱ ብቻ ከወረደ ከሪሌዩ (ስፒከሩን ከማጉያው ከሚያገናኘው ማብሪያ) በፊትና በኋላ ይለካ፤ ልዩነት ካለ ኮንታክቱ ጠቁሯል ማለት ነው። የጅማ ዝናብና እርጥበት ለዚህ ብልሽት በጣም ያግዛል። ብሪጅ የሆነ (ስፒከሩን ከሁለቱም ጫፍ የሚነዳ) ማጉያ ሲመጣ ከሁለቱ ገመዶች አንዱም መሬት ስላልሆነ የኦሲሎስኮፕ (የሞገድ ማሳያ መሣሪያ) የመሬት መቆንጠጫ አይነካውም፤ ቢነካው ሾርቱ ቺፑን ይዞት ይሄዳል።