ወደ ኋላ የተገለበጠ እንግሊዝኛ፦ ስለ አሜሪካ ነባር ሕዝቦችና ስለ ሆሊውድ የሚነገሩ ስሕተቶች

ታኅሣሥ 28 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ እኛ ገናን ባከበርንበት ዕለት፣ ሊሊ ግላድስተን በካሊፎርኒያ የጎልደን ግሎብ የፊልምና የቴሌቪዥን ሽልማት መድረክ ላይ ወጥታ ንግግሯን በነገዷ በብላክፊት ቋንቋ ጀመረች። በድራማ ዘርፍ የምርጥ ተዋናይት ሽልማትን ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ስትወስድ እርሷ የመጀመሪያዋ ናት። ስለ እነዚህ ሕዝቦች የምናውቀውን አብዛኛውን ነገር ያስተማረን ፊልም ነው፤ ያስተማረን ደግሞ በስሕተት ነው።

«በፊልም የምንሰማው የራሳቸው ቋንቋ ነው»

ብዙ ጊዜ አልነበረም። ግላድስተን በዚያው ምሽት እንደተናገረችው፣ ቀደም ሲል ተዋናዮቹ ቃላቸውን በእንግሊዝኛ ይናገራሉ፤ የድምፅ ባለሙያው ደግሞ ቅጂውን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ያጫውተዋል። ተመልካቹ «ቋንቋቸው» ብሎ የሰማው ይህንን ነበር። በእኛው እንሞክረው፦ «ደህና ነሽ» ሲገለበጥ «ሽነ ናህደ» ይሆናል። ሲኒማ ቤት ተቀምጠው «አበሾች እንዲህ ነው የሚናገሩት» ቢባሉ ይስቁ ይሆናል። ልጅዎ አጠገብዎ ከሆነ ግን ሳቁ የሚመጣ አይመስለኝም።

ግላድስተን ቋንቋውን አቀላጥፋ እንደማትናገር አልደበቀችም። የምታውቀውን ያህል ያወቀችው እናቷ፣ ራሳቸው ብላክፊት ሳይሆኑ፣ ቋንቋው በልጃቸው ክፍል እንዲሰጥ ያለመታከት ስለጣሩ ነው።

«ቀይ ህንዶች አንድ ሕዝብ ናቸው»

ስሙ ራሱ የተሳሳተ ነው። «ህንድ» የኮሎምበስ የአቅጣጫ ስሕተት ነው፤ እኛም ሳንመረምር ተቀብለነዋል። የአሜሪካ መንግሥት በሕግ የሚያውቃቸው ነገዶች ከ570 በላይ ናቸው። ግላድስተን በአባቷ በኩል የብላክፊትና የኔዝ ፐርስ ልጅ ናት፤ ያደገችው ከካናዳ ጋር በሚዋሰነው በሞንታና ነው። ሽልማት ባስገኘላት «ኪለርስ ኦቭ ዘ ፍላወር ሙን» ፊልም ላይ የተጫወተቻት ሞሊ ቡርክሃርት ግን በኦክላሆማ የኦሴጅ ነገድ ተወላጅ ነበረች። ስለዚህ ተዋናይቷ የኦሴጅን ቋንቋ እንደ ማንኛውም እንግዳ ቁጭ ብላ መማር ነበረባት።

«ሁልጊዜ ድሆች ነበሩ»

እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ኦሴጆች ከመሬታቸው በወጣው ነዳጅ የናጠጡ ሀብታሞች ነበሩ፤ ሾፌር ቀጥረው በመኪና የሚሄዱም ነበሩባቸው። ችግሩ የመጣው ከዚሁ ሀብት ነው። ሕጉ ብዙዎቹን «ገንዘባቸውን ማስተዳደር አይችሉም» ብሎ ነጭ ሞግዚት መደበባቸው፤ የገዛ ገንዘባቸውን ለማውጣት ፈቃድ ጠያቂ ሆኑ። የነዳጅ ድርሻቸውን ለመውረስ በፈለጉ ሰዎችም ተገደሉ።

«ብቁ ተዋናይ ስለጠፋ ነው ሌሎች የተጫወቱት»

እ.ኤ.አ. በ1971 በወጣ የአካባቢ ጥበቃ ማስታወቂያ ላይ በቆሻሻ ምክንያት እንባ የሚያወርድ «ህንዳዊ» ነበር፤ አሜሪካን ያስለቀሰ ፊት ነው። አይረን አይስ ኮዲ ይባላል። የትውልድ ስሙ ኤስፔራ ኦስካር ዴ ኮርቲ ሲሆን የተወለደው ሉዊዚያና ውስጥ ከሲሲሊ ከመጡ ወላጆች ነው። እስከ ሞተበት እስከ 1999 እ.ኤ.አ. ድረስ ይህንን አላመነም።

ከማስታወቂያው ቀደም ሲል እውነተኛው የሞሆክ ነገድ ልጅ ተዋናይ ጄይ ሲልቨርሂልስ በቴሌቪዥን የነጩ ጀግና አጃቢ ሆኖ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ሲናገር ከቆየ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ለነባር ሕዝቦች ተዋናዮች ማሠልጠኛ አቋቁሟል። ሰው አልጠፋም፤ የጠፋው ሥራ ነው። ግላድስተን ራሷ እ.ኤ.አ. በ2020 ተስፋ ቆርጣ ለዳታ ትንተና ኮርስ ልትመዘገብ ስትል ነበር ከ«ኪለርስ ኦቭ ዘ ፍላወር ሙን» ዳይሬክተር ከማርቲን ስኮርሴዚ የውይይት ግብዣ የደረሳት።

«ፊታቸው ከታየ በቂ ነው»

ይህኛው ከሁሉም ይብሳል፤ ምክንያቱም በቅን ልቦና የሚባል ነው። የዚያ ፊልም የመጀመሪያ ጽሑፍ የኦሴጆችን ገዳዮች የሚያሳድድ የፌዴራል መርማሪ ታሪክ ነበር፤ መርማሪው ሊዮናርዶ ዲካፕሪዮ ሊሆን ታስቦ ነበር። ስኮርሴዚ ከኦሴጆች ጋር ተገናኝቶ ካዳመጣቸው በኋላ ጽሑፉ ተለወጠ፤ ማዕከሉ የሞሊና የባሏ ትዳር ሆነ፣ ዲካፕሪዮም ባሏን ተጫወተ። ያም ሆኖ ከፊልሙ የኦሴጅ ቋንቋ አማካሪዎች አንዱ በምርቃቱ ላይ ታሪኩ በሞሊ ዓይን ቢነገር ይመርጥ እንደነበረ፣ ለዚያ ግን ኦሴጅ ዳይሬክተር እንደሚያስፈልግ በግልጽ ተናግሯል። እኔም የምስማማው ከእርሱ ጋር ነው፤ ፊልሙን ወድጄዋለሁ፣ ብዕሩ ግን አሁንም በእንግዳ እጅ ነበር።

ብዕሩ በባለቤቱ እጅ ሲገባ ምን እንደሚመስል ማየት የሚፈልግ እ.ኤ.አ. ከ2021 እስከ 2023 የታየውን የቴሌቪዥን ተከታታይ «ረዘርቬሽን ዶግስ» ይመልከት። ጸሐፊዎቹም ዳይሬክተሮቹም ከነባር ሕዝቦች ናቸው፤ የተቀረጸውም ኦክላሆማ ነው፤ ግላድስተንም በእስረኛ እናትነት ብቅ ትላለች። የመጀመሪያው ክፍል ሲጀምር ፈረስም ላባም አይታይም። አሰልቺ ሕይወት የሰለቻቸው አራት ታዳጊዎች ቺፕስ የጫነ መኪና ይሰርቃሉ።